አሥራ አምስተኛው እርከን

ከበሬሳ ማዶ፣ ከአዲሱ ሰፈር፣
የኅዳር ብርድ ሲያመሽ፣ ጆሮ ሲቆነጥር፣
ሜትሬን በኪሴ፣ መዝገቤን ከብብቴ ሥር፣
አቶ ሽመክት ቤት መጣሁ፣ ደረጃ ልቆጥር።

ሥራዬ ይኸው ነው፤
ማዘጋጃ ቤቱ በወር የሚከፍለኝ፣
በሰው ደረጃ ላይ እንድንበረከክ ነው፣
ሳልጸልይ፣ ማንም ሳያዝንልኝ።

አንድ፤ ዐሥራ ሰባት። ሁለት፤ ዐሥራ ሰባት።
ሦስት፤ ያው ዐሥራ ሰባት።
የግንበኛው የይርዳው እጅ ልክ ያውቃል፤ ውሃ ልኩም አልዋሸበት፤
መርገጫው ሰፊ ነው፣ ተረከዝ ያርፍበታል፣
ጣት ከጠርዙ ወጥቶ አይንጠለጠልበት።
አሥራ አራቱን እንዲህ ወጣሁ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

አሥራ አምስተኛው ላይ ሜትሬ ቆመ፤
ሃያ አንድ አለ። ብለካው፣ ሃያ አንድ ብሎ ደገመ።

«ሁለት ጣት ናት!» አለ ሽመክት፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ፣
«ሴራሚኩ ሲነጠፍ የላዩ ወለል ከፍ አለ፤ ደረጃው ቀድሞ ደረሰ።
ለሁለት ጣት ብሎ የሚያፈርስ የት አለ? ሲሚንቶ እንደሆን አልረከሰ!»

መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አንቀጹን አውቀዋለሁ፤
ግን አንቀጽ ጠቅሶ ያሳመነ፣ እስከ ዛሬ የት አይቻለሁ?
እግር ማንበብ አይችልም፤ እግር የሚያውቀው ልማድ ነው፤
ሦስቱን እርከን ከረገጠ፣ አራተኛውን የሚወጣው በእምነት ነው።
ዓይንን አያማክርም፤ ዓይን ሌላ ሥራ አለው፤
ሕፃን ያቀፈች ዓይኗ ሕፃኑ ላይ፣ ባልዲ የያዘ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።
እምነት ያጎደሉበት እግር፣ ለመውደቅ ሁለት ጣት ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ አላልኩትም።
መብራት ሄደ።
ስሟ ብርሃን የሆነ ከተማ፣ መብራቷ ሳይሰናበት ይሄዳል።

«ባትሪዬ ፎቅ ላይ ነው» አለ ይርዳው፣ ጨለማውን ሰንጥቆ ተነሣ።
ኮቴውን ሰማን፤ እኩል፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት፤
አሥራ ሁለት፣
አሥራ ሦስት፣
አሥራ አራት፣
ከዚያ የጫማ አፍንጫ ከኮንክሪት ሲላተም፣
ከዚያ ጉልበት ሲያርፍ፣
ከዚያ ዝም።
ቆይቶ፣ ከላይ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየ ድምፅ፣
«በገዛ እጄ ሠርቼው፣ በገዛ እግሬ ረሳሁት!»

ሽመክት አልሳቀም። እናቱ እማማ አሰለፈች
ታች ክፍል ውስጥ ያስላሉ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

እኔም አልሳቅኩም። ጠባሴ ውስጥ አንድ ቤት አለ፣
መደገፊያ ሳይኖረው «አሟልቷል» ብዬ የፈረምኩበት፤
ሠርግ ነበረባቸው፤ «በኋላ እናሠራዋለን» ያሉኝ።
ዛሬም በዚያ አላልፍም፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል እዞራለሁ።
የሆነውን አልናገርም።
ደረጃው አሁን መደገፊያ አለው፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ።
አንዴ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ይርዳው እያነከሰ መጣ፤ መሮ፣ ማንኪያ፣ ውሃ ልክ።
አሥራ አምስተኛውን ብቻውን አልነካውም፤
ያቺን የተረፈች አራት ሳንቲም ለአሥራ አምስቱም አካፈላት፤
እንደ ዕድር መዋጮ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሚሊ እንኳ አልደረሰው።
«ሸክሙን ለአንዱ ትተንበት ነበር» አለ፣ ቀና ሳይል።

የመደገፊያውን ብረት ናርዶስ ፈተነችው፤ አራት ዓመቷ ነው፤
ጭንቅላቷን በክፍተቱ ልታሾልክ ታገለች፣ እምቢ አላት፣
ተቆጥታ ሄደች።
እኔም ጻፍኩ፦ የደረጃው ደረጃ፣ አሟልቷል።

ቅዳሜ ደግሞ ለፊርማ ብመጣ፣ እማማ አሰለፈች ከገበያ ገቡ፤
በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በአንዱ ብረቱን ዳሰስ፣
«ገብሱን ተወው፣ ውድ ነው፤ ሚዛኑ ነው እንጂ የሚያበግነኝ፣
ቀሽቦኛል ያ ሌባ፣ ልክ አይደለም» እያሉ ጀመሩት።
እኔ ታች ቆሜ በሆዴ እቆጥራለሁ፤
«ልክ የሚባል ነገር ጠፋ በዚህ አገር» ይላሉ፤ አሥራ ሦስት፤
«ድሮ በቁና ሲሰፈር» ይላሉ፤ አሥራ አራት፤
«ቁናው ራሱ ያፍር ነበር»፤
አሥራ አምስት፤
እግራቸውን ሳያዩ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣
ገቡ።